ስማችሁን ጻፉበት

እህቶቼ፣ ንግግር አላውቅበትም፣ የተማርኩት እስከ አሥረኛ ክፍል ነው። ግን የሄድሽበትን ግብዣ ንገሪን ስላላችሁኝ ነው የቆምኩት።

ቴታ የምላቸው የማዳም እናት በወጣትነታቸው ሥዕል ይስሉ ነበር። ሴት ሠዓሊዎችን ለማክበር ሰናይዕ ባለው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ሲጠሩ፣ እግራቸውን ስለሚያማቸው እኔ ደግፌ ወሰድኳቸው። ያ ሕንጻ በቱርኮች ዘመን የእጅ ሙያ ትምህርት ቤት ነበር። ቤተ መጻሕፍቱ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1921 ነው። በጦርነቱ ጊዜ ተዘግቶ፣ መጻሕፍቱ ከቦታ ቦታ ሲንከራተቱ ኖረው በ2018 እዚህ ተከፈተ። እንደ እኛው ማለት ነው።

ገና እንደገባን አንዲት እንግዳ ባዶ ብርጭቆዋን እጄ ላይ አስቀመጠችው። አስተናጋጅ መስያት ነው። ምን ላድርግ፣ ያዝኩት። ቴታ አዩና ተቀብለውኝ ጠረጴዛ ላይ አኖሩት። «ነይ፣ ከጎኔ ተቀመጪ» አሉኝ።

ስለ ሳልዋ ራውዳ ሹቄርም ተነገረ። በ1916 ቤሩት የተወለደች ሠዓሊና ቀራጭ ናት። ለብዙ ዓመት ሥራዋን የሚገዛት እምብዛም አልነበረም፤ እሷ ግን አላቆመችም። በ2013 ለንደን ያለ ትልቅ ሙዚየም ሥራዋን ሲያሳይ ዕድሜዋ ከ90 አልፎ ነበር። እኔ በልቤ የኛዋን ደስታ ሐጎስን አሰብኩ። እሷም በ1969 አዲስ አበባ ላይ ሥዕሎቿን ብቻዋን ያሳየች ሴት ናት።

ከዚያ የሴቶቹ ስም እየተጠራ አንድ በአንድ ተነሡ። ቴታም በእኔ ክንድ ተደግፈው ተነሡ፤ አለቀሱ። ስንወጣ የእንግዶች መዝገብ ላይ ፈረሙና እስክሪብቶውን ለእኔ ሰጡኝ። እዚህ አገር ስድስት ዓመቴ ነው፤ ስሜን የምጽፈው ብር ስልክ ብቻ ነበር። ያን ቀን በራሴ ፊደል፣ ከነአባቴ ጻፍኩት።

እህቶቼ፣ ቤት ስገባ ሳሎን ያለውን ዳንቴል አየሁት። በሌሊት እንቅልፌን አጥቼ የሠራሁት ነው። እንግዳ ሁሉ ያደንቀዋል፤ ማን ሠራው ብሎ የጠየቀ ግን የለም። እኔም የእኔ ነው ብዬ አላውቅም።

ከእናንተ መካከል ጥልፍ የምትጠልፉ፣ ሰፌድ የምትሰፉ፣ ሥዕል የምትሞክሩ አላችሁ። በሚመጣው እሁድ አንድ አንድ ይዛችሁ ኑ፤ እርስ በርሳችን እንተያይ። ለሰው ከመስጠታችሁ በፊት ግን ጀርባው ላይ ስማችሁን ጻፉበት። እኔ የዳንቴሉን ጫፍ ገልብጬ ስሜን በክር ጽፌበታለሁ።