መቆጣጠሪያና ጉልበት፦ በትንሽ የስፖርት መኪና ሞተር ላይ የቀረበ ዲስኩር

የቤንዚን ሞተር ጉልበት የሚመነጨው ከአየር ነው። ወደ ሲሊንደሩ የገባው አየር ምን ያህል ቤንዚን ሊቃጠል እንደሚችል ይወስናል፤ የተቃጠለው ቤንዚን ደግሞ ፒስተኑን ወደ ታች የሚገፋውን ኃይል ይወስናል። የሞተር መቆጣጠሪያ ኮምፒውተር በዚህ ሂደት ያለው ድርሻ ሦስት ነው፤ የገባውን አየር መለካት ወይም ማስላት፣ ለዚያ የሚመጥነውን ቤንዚን በኢንጀክተር በኩል ማዘዝ፣ ካንዴላው ብልጭታ የሚሰጥበትንም ቅጽበት መወሰን። ስለዚህ ኮምፒውተሩን በመቀየር ብቻ ከትንሽ ሞተር ብዙ ተጨማሪ ጉልበት ይገኛል የሚለው ተስፋ፣ በሻጮች ዘንድ ምንም ያህል ቢወደስ፣ ከመነሻው ሊመረመር ይገባዋል። የዚህ ዲስኩር መከራከሪያ፣ መቆጣጠሪያው ራሱ ጉልበት ባይፈጥርም፣ በሌላ መንገድ የተገኘውን ጉልበት ሞተሩ ሳይሰበር እንዲሸከም የሚያደርገው እርሱ መሆኑ ነው።

ለምርመራው የተመረጠችው የጃፓኑ ማዝዳ ኩባንያ በ1989 (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በቺካጎ የመኪና ትርዒት ለሕዝብ ያቀረባት፣ በአሜሪካ ሚያታ በሚል ስም የምትታወቀው ባለ ሁለት መቀመጫ ኤምኤክስ-5 ናት። የመጀመሪያዋ ሞዴል ክብደቷ አንድ ቶን የማይሞላ ሲሆን፣ 1.6 ሊትር ሞተሯ 116 ያህል የፈረስ ጉልበት ነበረው። ቀላልነቷ በመሪና በመታጠፊያ ላይ የምትሰጠው ደስታ ምንጭ ቢሆንም፣ ባለቤቶቿ ገና ከጅምሩ ተጨማሪ ጉልበት ሲመኙላት ኖረዋል፤ በ2016 አንድ ሚሊዮንኛዋ እስክትመረት ድረስም የዚህ ምኞት ልምድ እጅግ ተከማችቷል።

ጉዳዩ ምን ያህል ረቂቅ እንደሆነ በቁጥር ማየት ይበጃል። 1.6 ሊትሩ ለአራት ሲሊንደሮች ሲካፈል ለእያንዳንዱ 400 ሲሲ ገደማ ይደርሰዋል፤ ይህም በባሕር ጠለል ላይ ሙሉ በሙሉ ቢሞላ የሚይዘው ግማሽ ግራም የማይደርስ አየር ነው። አንድ ግራም ቤንዚን ሳይተርፍና ሳይጎድል ለመቃጠል 14.7 ግራም ያህል አየር ስለሚፈልግ፣ ለአንድ ምት የሚበቃው ቤንዚን 32 ሚሊግራም ገደማ ይሆናል። ሞተሩ ከፍተኛ ጉልበቱን የሚሰጠው ግን ቤንዚኑ ትንሽ በዝቶ ምጣኔው ከ12.5 እስከ 13 ሲሆን ነው፤ ትርፉ ቤንዚን የገባው ኦክስጅን በሙሉ የሚያቃጥለውን እንዲያገኝ ያደርጋል፣ ሲተንም የድብልቁን ሙቀት ይቀንሳል። በሁለቱ ምጣኔዎች መካከል ያለው ልዩነት በአንድ ምት አምስት ሚሊግራም ብቻ ነው። ጊዜውም እንዲሁ ጠባብ ነው፤ ሞተሩ በደቂቃ 7,200 ጊዜ ሲዞር አንዱ ዙር 8.3 ሚሊሰከንድ ይፈጃል፣ የብልጭታው ሰዓት በአንድ ዲግሪ ተዛነፈ ማለትም በ23 ማይክሮሰከንድ ተዛነፈ ማለት ነው።

የመጀመሪያዋ ኤምኤክስ-5 ይህን ስሌት የምትሠራበት መንገድ በዘመኗ የተለመደው ነበር። በአየር መግቢያው ላይ በስፕሪንግ የተያዘ መዝጊያ ያለው መለኪያ ተገጥሟል፤ የሚገባው አየር መዝጊያውን ገፍቶ ሲከፍት የመክፈቻው ማዕዘን ለኮምፒውተሩ በኤሌክትሪክ ይነገረዋል። መለኪያው ሦስት ድክመቶች አሉት። መዝጊያው ራሱ በአየሩ መንገድ ላይ ስለቆመ መተላለፊያውን ያጠብባል። እስከ መጨረሻው ከተከፈተ በኋላ የሚጨመረውን አየር ሊያሳውቅ አይችልም። ከሁሉ ይልቅ ግን የሚሰማው የአየሩን ግፊያ እንጂ ክብደቱን ስላልሆነ፣ አየሩ በሳሳበት ከፍታ ቦታ ከእውነተኛው የበለጠ አየር እንደገባ አድርጎ ያነባል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነችው አዲስ አበባ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሩብ ያህል ስለሚያንስ፣ ማካካሻ ያልተጨመረለት እንዲህ ያለ መለኪያ ቤንዚኑን ከአሥር በመቶ በላይ ሊያበዛው ይችላል። ከዚህም በተጨማሪ በማንዋል ካምቢዮ በተሠሩት የ1.6 ሊትር መኪኖች ላይ ያለው የነዳጅ መስጫ ማብሪያ የሚያውቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ እግር ጨርሶ መነሳቱንና ጨርሶ መረገጡን። በመካከል ያለው የአሽከርካሪው ፍላጎት ሁሉ ለኮምፒውተሩ የተሰወረ ነው።

በዚህ ኮምፒውተር ውስጥ ያለውን ሰንጠረዥ እንደ ዘመኑ መኪኖች በኬብል ከፍቶ ማረም ስለማይቻል ሁለት መንገዶች ተፈጠሩ። አንደኛው ረዳት መሣሪያ በመለኪያውና በኮምፒውተሩ መካከል ገብቶ ምልክቱን እንዲለውጥ ማድረግ ነው። ርካሽና ፈጣን ስለሆነ ብዙዎች የመረጡት ይኸው ነው፤ አደጋውም በዚያው ውስጥ ተሸሽጓል። ቤንዚኑን ለመቀነስ ሲባል የአየሩ ምልክት ዝቅ ሲደረግ፣ ኮምፒውተሩ ሞተሩ ቀላል ሥራ ላይ እንዳለ ያምናል፤ በቀላል ሥራ ጊዜ ደግሞ ብልጭታው ቀደም ብሎ እንዲሰጥ ታዝዟልና ያንኑ ይፈጽማል። ሙሉ ጭነት የተሸከመ ሞተር በዚህ ሁኔታ እጅግ ቀድሞ ብልጭታ ይሰጠዋል። ኮምፒውተርን በሐሰት መረጃ መምራት ለሞተር ከሚደረጉ ነገሮች ሁሉ ክፉው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሁለተኛው መንገድ ፋብሪካው የሰጠውን ኮምፒውተር ሙሉ በሙሉ በሌላ፣ ባለቤቱ ሊያዘው በሚችል ኮምፒውተር መተካት ነው። ብሩስ ቦውሊንግና አል ግሪፖ የተባሉ አሜሪካውያን የነደፉት፣ ገዢው ራሱ በብየዳ ሊገጣጥመው የሚችለው ሜጋስኩዊርት ይህን ዕድል ለብዙ ሰው ከፍቷል። እንዲህ ያለው መቆጣጠሪያ ባለ መዝጊያውን መለኪያ አስወግዶ በመግቢያ ማኒፎልዱ ውስጥ ያለውን ግፊት፣ የአየሩን ሙቀትና የሞተሩን ፍጥነት በማንበብ የገባውን አየር ያሰላል። የስሌቱ እምብርት በአንድ ወገን የሞተሩ ዙር፣ በሌላ ወገን የማኒፎልዱ ግፊት የሰፈረበት ሰንጠረዥ ነው፤ በእያንዳንዱ ሳጥን ውስጥ የሚጻፈው ሲሊንደሩ በዚያ ሁኔታ ከሚችለው ምን ያህል በመቶ እንደሚሞላ የሚያሳይ ቁጥር ነው። በ16 በ16 ሰንጠረዥ እነዚህ ሳጥኖች 256 ይሆናሉ፤ አንዱም በግምት ሊተው አይገባም።

ከቤንዚኑ ይልቅ የባለሙያን ብስለት የሚፈትነው የብልጭታው ሰንጠረዥ ነው። ቃጠሎው ጊዜ ስለሚወስድ ብልጭታው ፒስተኑ ጫፍ ሳይደርስ ይሰጣል፤ ዓላማው ከፍተኛው ግፊት ፒስተኑ ጫፉን አልፎ 15 ዲግሪ ያህል ሲወርድ እንዲገኝ ነው። ብልጭታው ከመጠን በላይ ከቀደመ፣ ነበልባሉ ገና ያልደረሰበት የድብልቁ ክፍል በግፊትና በሙቀት ብዛት በራሱ በአንድ ጊዜ ይነድዳል። ማንኳኳት የሚባለው ይህ ነው፤ ድምፁ በብረት ላይ ብረት እንደመምታት ይሰማል፣ ከቀጠለም ፒስተኑን ይሰነጥቃል ወይም ያቀልጣል። በመጀመሪያዋ ኤምኤክስ-5 ሞተር ላይ ማንኳኳትን የሚሰማ ሴንሰር የለም። ስለዚህ ጠንቃቃ ባለሙያ መኪናዋን ዲናሞሜትር በሚባለው የጉልበት መለኪያ ላይ አስሮ፣ ማዳመጫ ከሲሊንደሩ ብሎክ ጋር አገናኝቶ፣ ብልጭታውን በአንድ በአንድ ዲግሪ እያስቀደመ ይሄዳል፤ ጉልበቱ መጨመሩን ካቆመበት ነጥብ በላይ አንዲት ዲግሪ አይጨምርም፣ ማንኳኳት ቀድሞ ከተሰማም ሁለትና ሦስት ዲግሪ ወደ ኋላ ይመለሳል።

ታዲያ ይህ ሁሉ ድካም ምን ያስገኛል? ቱርቦ በሌለው፣ ውስጡ ባልተነካ ሞተር ላይ ትርፉ ጥቂት የፈረስ ጉልበት ነው፤ ይልቁንም ሞተሩ ነዳጅ ሲሰጠው ፈጥኖ መመለሱና ለስላሳ መሆኑ ይሰማል። ለዚህ ከራሱ ከማዝዳ የተሻለ ምስክር የለም። ኩባንያው በ2018 የአራተኛዋን ትውልድ 2.0 ሊትር ሞተር ለአሜሪካ ገበያ ከ155 ወደ 181 የፈረስ ጉልበት ሲያሳድግ፣ ኮምፒውተሩን ብቻ አልነካም። የእያንዳንዱን ፒስተን ክብደት በ27 ግራም፣ መካኒኮች ቢየላ የሚሉትን ዘንግ ክብደት በ41 ግራም ቀነሰ፤ የአየር መግቢያውን በር አሰፋ፤ ቫልቮቹንና የጭስ መውጫውን አሻሻለ፤ በዚህም የሞተሩ የዙር ጣሪያ ከ6,800 ወደ 7,500 ከፍ አለ። የኮምፒውተሩ አዲስ ሰንጠረዥ ይህን ተከትሎ የመጣ ነው።

ቱርቦ ሲገባ ነገሩ ይለወጣል። የማኒፎልዱ ግፊት ከ100 ወደ 150 ኪሎፓስካል ከፍ ካለ የሚገባው አየር ወደ አንድ ተኩል እጥፍ ይጠጋል፤ ጉልበቱም በዚያው ልክ ይከተላል። የቀድሞው መለኪያ ከዚህ ወሰን ውጭ ዕውር ነው፤ የቀድሞዎቹ ኢንጀክተሮችም ቤንዚኑን ለማድረስ ጊዜ አይበቃቸውም። ግፊቱ በጨመረ ቁጥር ብልጭታው እንዲዘገይ፣ ቤንዚኑም እንዲበዛ፣ ግፊቱ ከታሰበው ካለፈ ደግሞ ቤንዚኑ እንዲቋረጥ የሚያዝ መቆጣጠሪያ የሌለው ቱርቦ፣ ባለቤቱን ቶሎ ወይም ዘግይቶ ወደ ሞተር ግዢ ይወስደዋል።

ሌላው የማይታለፍ ጉዳይ ጭሱ ነው። በጭስ መውጫው ላይ የተገጠመው ካታላይቲክ ኮንቨርተር መርዛማ ጋዞችን የሚያጠራው ድብልቁ በ14.7 ዙሪያ በጠባብ ወሰን ውስጥ ሲቆይ ብቻ ነው። የአሜሪካ የንጹሕ አየር ሕግ በመኪና ላይ ያለን የጭስ መቆጣጠሪያ ማንሳትም ሆነ ማሰናከል ይከለክላል፤ በካሊፎርኒያ ደግሞ ከጭሱ ጋር ግንኙነት ያለው ማሻሻያ ሁሉ በመንገድ ላይ ለመዋል የግዛቲቱ የአየር ሀብት ቦርድ የሚሰጠው፣ ከክልከላው ነጻ የሚያደርግ ትእዛዝ ያስፈልገዋል። ሕጉ ባይኖርም እንኳ ጭሱን የሚስበው የሰው ሳንባ ነውና ጥንቃቄው ተገቢ ነው። የሙያው ሥርዓት የሚጠይቀውም፣ ከሰንጠረዡ ውስጥ ለከተማና ለአውራ ጎዳና ጉዞ የሚያገለግሉት ሳጥኖች በኦክስጅን ሴንሰሩ እርማት በ14.7 ዙሪያ እንዲጸኑ፣ 12.5 ደግሞ ነዳጁ ሙሉ በሙሉ በሚረገጥባቸው ጥቂት ሳጥኖች ብቻ እንዲጻፍ ነው።