ምርኮኛውም ስም አለው
(በሐዋሳ መሃል ከተማ ከመግሪብ ሰላት በኋላ ለጀመዓው የቀረበ ንግግር)

 

ወንድሞችና እህቶች፣ የሱማማ ኢብኑ ኡሳልን ታሪክ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። የየማማ ሰዎች አለቃ፣ የሙስሊሞች ጠላት ነበር። ፈረሰኞች ማርከው መዲና አመጡትና በመስጂዱ ምሰሶ ታሰረ። በኋላ መስለሙን ሁሌም እንተርካለን። እኔ ዛሬ እንድታስተውሉልኝ የምፈልገው የታሰረበትን ቦታ ነው። ሕዝብ በቀን አምስት ጊዜ የሚመላለስበት፣ ሁሉም የሚያየው ቦታ ነው። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) በየቀኑ እየመጡ ያነጋግሩት ነበር። በሦስተኛው ቀን ፍቱት አሉ፤ ያለ ቤዛ ሄደ። ሱረቱል ኢንሳንም በ8ኛው አንቀጽ ምርኮኛን ከሚስኪንና ከየቲም ጎን ነው ያስቀመጠው።

ወደ አገራችን ልምጣ። በመስከረም 2009 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ሰው ወደ ጦላይ፣ ወደ ብር ሸለቆ፣ ወደ አዋሽ ተጫነ። እዚሁ አጠገባችን ይርጋለምና ዲላም ታሳሪ ነበር። መርማሪ ቦርዱ በኅዳር ወር የታሰሩት 11,607 ናቸው፣ 347ቱ ሴቶች ናቸው አለ። እናት ግን ቁጥር አትፈልግም፤ ልጇን ነው የምትፈልገው። ሕገ መንግሥቱም ይህን ያውቃል። አንቀጽ 93 ንዑስ አንቀጽ 6 በአዋጁ ምክንያት የታሰሩትን ስም ከታሰሩበት ምክንያት ጋር ቦርዱ በአንድ ወር ውስጥ ይፋ እንዲያደርግ ያዛል። ስም ይላል፣ ምክንያት ይላል።

በሐምሌ 2015 በአማራ ክልል ጦርነቱ ሲበረታ ሌላ አዋጅ መጣ፤ አዋሽ አርባ ያለው ወታደራዊ ካምፕም ታሳሪ ገባበት። አዋጁ በጥር 2016 ተራዝሞ በዚያው ዓመት አበቃ። ካበቃ በኋላ ደግሞ በ2017 መጀመሪያ በክልሉ ብዙ ሰው ታፍሶ ወደ ካምፕ ገባ። አዋጅ በሌለበት አንቀጽ 19 ሙሉ በሙሉ ይሠራል፤ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት መቅረብ አለበት። ወታደር ያዘው ማለት ከሕግ ወጣ ማለት አይደለም።

«መሣሪያ ይዞ የተዋጋስ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መንግሥት ሊከሰው ይችላል። ግን ኢትዮጵያ የጄኔቫ ስምምነቶችን በ1962፣ ተጨማሪ ፕሮቶኮሎቹን በ1986 ተቀብላለች፤ የተቀበልናቸው ስምምነቶች ደግሞ በአንቀጽ 9 የአገሪቱ ሕግ አካል ናቸው። ሁለተኛው ፕሮቶኮል በእርስ በርስ ጦርነት ለተያዘ ሰው ምግብና ውሃ፣ ሕክምና፣ ለቤተሰቡ ደብዳቤ መጻፍና መቀበል፣ ሃይማኖቱን መፈጸም ይገባዋል ይላል። ተዋጊ ነው አይደለም ብሎ አይለይም።

እኛ የመፍትሔ አፈላላጊ ኮሚቴያችን አባላት በሐምሌ 2004 ሲታሰሩ፣ በሐምሌ 2007 ከ7 እስከ 22 ዓመት ሲፈረድባቸው ዙልም ነው ብለን ጮኸናል። ዙልምም ነበር። ሆኖም የት እንዳሉ እናውቅ ነበር፤ ክሱንም አንብበነዋል። ካምፕ የገባ ሰው ቤተሰብ ብዙ ጊዜ ይሄንንም አያገኝም።

አንድ የሚያሳፍረኝ ነገር ልናገር። በኅዳር 2014 በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች የትግራይ ተወላጆች ከየቤታቸው ሲወሰዱ አብዛኞቻችን ዝም አልን። እኔም ዝም አልኩ። የኛ ጉዳይ አይደለም አልን። ሱማማም እኮ «የኛ» አልነበረም።

ስለዚህ ጀመዓው ይህን እንዲይዝልኝ እጠይቃለሁ። ከሠፈራችሁ ሰው ሲወሰድ ሙሉ ስሙን፣ ቀኑንና ሰዓቱን፣ የወሰዱት ምን እንደለበሱ፣ የመኪናውን ሰሌዳ ወዲያው ጻፉ። ሁለት ቅጂ ይሁን፤ አንዱ ቤተሰቡ ጋ ይቅር። ሌላውን ይዛችሁ ወደ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ሂዱ፤ ኮሚሽኑ በ2016 አዋሽ አርባ ድረስ ገብቶ ታሳሪዎችን አይቷል። መድኃኒት የሚወስድ በሽተኛ ከሆነ እሱንም ጻፉ። ቤተሰቡ ብቻውን አይሂድ፣ ሁለት ሦስት ሆናችሁ አብራችሁ ሂዱ። የየትኛው ወገን ነው፣ ይሰግዳል አይሰግድም ብላችሁ አትጠይቁ። ከነገ ወዲያ ከጁምዓ በኋላ ስም ያላችሁ በግራ በኩል ባለው በር እንገናኝ፤ ደብተርና እስክሪብቶ ይዤ እጠብቃችኋለሁ።