ጥምር መንግሥት ሲፈርስ ምን ይተርፋል? የ1983ቱ የሽግግር ምክር ቤት በንጽጽር ሲታይ

(በቀራንዮ ለመምህራንና ለተማሪዎች የቀረበ የሕዝብ ገለጻ ሙሉ ቃል)



የማነሣው ጥያቄ አጭር ነው። በልዩ ልዩ ድርጅቶች ስምምነት የቆመ ጥምር መንግሥት ዕድሜው አጥሮ ሲፈርስ ለአገር የሚተርፈው ምንድን ነው? መልሱን የምፈልገው ሦስት አጋጣሚዎችን በማነጻጸር ነው፤ የ1983ቱን የኢትዮጵያ የሽግግር መንግሥት፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግሥት የነበረውን የጣሊያን ጥምር መንግሥት እና የደቡብ አፍሪካን የብሔራዊ አንድነት መንግሥት። የኢትዮጵያን ዘመናት በራሳችን አቆጣጠር፣ የውጭውን ደግሞ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

ከራሳችን ልጀምር። ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. ኢሕአዴግ አዲስ አበባን ከተቆጣጠረ በኋላ፣ ከሰኔ 24 እስከ 28 በአፍሪካ አዳራሽ የሰላምና የዴሞክራሲ ጉባኤ ተካሄደ። ከጉባኤው የወጣው የሽግግር ወቅት ቻርተር ሐምሌ 15 ቀን በነጋሪት ጋዜጣ ታወጀ። ቻርተሩ ከ87 የማይበልጡ አባላት ያሉት የተወካዮች ምክር ቤት አቋቋመ። ከመቀመጫዎቹ ኢሕአዴግ 32፣ የኦሮሞ ነፃነት ግንባር ደግሞ 12 ያዙ፤ የቀሩት ለሌሎች ድርጅቶችና ወገኖች ተከፋፈሉ። ኦነግ የማስታወቂያና የትምህርት ሚኒስቴርን ጨምሮ በካቢኔው ውስጥ ቦታ አገኘ። በመሆኑም መንግሥቱ በስምም ሆነ በአወቃቀር ጥምር መንግሥት ነበር።

ጥምረቱ ግን ከመነሻው ሁለት ጉድለቶች ነበሩበት። አንደኛው ከጉባኤው ውጭ የቀሩ ወገኖች መኖራቸው ነው፤ ኢሕአፓና መኢሶን በስብሰባው አልተወከሉም። በአዳራሹ የነበሩት ፕሮፌሰር ዓሥራት ወልደየስም የኤርትራን ጉዳይ በመቃወም ቻርተሩን ሳይቀበሉ ወጡ። ሁለተኛው ጉድለት የጦር ኃይል ጉዳይ ነው። በሽግግሩ ዘመን የአገሪቱ መከላከያ ሆኖ የቆየው የኢሕአዴግ ሠራዊት ነበር፤ ኦነግም የራሱ ታጣቂዎች ነበሩት። በአንድ ካቢኔ የሚቀመጡ ሁለት ድርጅቶች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ሠራዊት ይዘው ሲቀጥሉ፣ የካቢኔው ስብሰባ የሚፈታው ጥያቄ ውሱን ይሆናል።

ፈተናው ሰኔ 14 ቀን 1984 ዓ.ም. በተካሄደው የክልልና የወረዳ ምክር ቤቶች ምርጫ መጣ። ኦነግ ዕጩዎቹና ደጋፊዎቹ እንቅፋት ደረሰባቸው ብሎ ከምርጫው ወጣ፤ በስምምነት ካምፕ የገቡት ታጣቂዎቹም ካምፑን ለቀቁ። በዚያው ሰኔ ወር ድርጅቱ ከመንግሥቱ መውጣቱን አስታወቀ፣ ውጊያም ተከተለ። ጥምረቱ ከተመሠረተ አንድ ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር። በ1985 ዓ.ም. ደግሞ በፓሪስ በተካሄደ የተቃዋሚዎች ስብሰባ የተካፈሉ የደቡብ ድርጅቶች ከምክር ቤቱ ተሰናበቱ። አንዱ በራሱ ፈቃድ ወጣ፣ ሌሎቹ ተባረሩ፤ ውጤቱ ግን አንድ ሆነ። በምክር ቤቱ ውስጥ የኢሕአዴግን ሐሳብ በብርቱ የሚሞግት ድምፅ ሳሳ።

እስከዚህ ያለው ታሪክ ለአብዛኞቻችሁ እንግዳ አይደለም። የተለመደው ትንታኔም ማን ጥፋተኛ እንደ ነበር በመጠየቅ ይወሰናል። እኔ ግን የጥምረት መፍረስ ብቻውን የአገር ጥፋት ምልክት አይደለም እላለሁ። ይህን ለማስረዳት ወደ ጣሊያን ልሻገር።

ጣሊያን ከ1946 ወዲህ ከ60 የሚበልጡ መንግሥታት የተፈራረቁባት አገር ናት። ከሪፐብሊኩ ምሥረታ በፊት የነበረውም ቢሆን ከዚህ የተለየ አልነበረም። ፋሺዝምን በመታገል የተባበሩ ስድስት ፓርቲዎች በሰኔ 1945 በፌሩቾ ፓሪ የሚመራ ጥምር መንግሥት አቋቋሙ። ፓሪ የታጠቀው የተቃውሞ ትግል መሪ ነበር። ሊበራሎቹ ድጋፋቸውን ሲያነሡ መንግሥቱ ስድስት ወር ሳይሞላው ወደቀ፤ በታኅሣሥም አልቺዴ ዴ ጋስፔሪ ተተኩ። ሰኔ 2 ቀን 1946 ሕዝቡ በአንድ ቀን ሁለት ድምፅ ሰጠ፤ በአንዱ ንጉሣዊውን ሥርዓት ሻረ፣ በሌላው ሕገ መንግሥት የሚያረቅ ጉባኤ መረጠ። በግንቦት 1947 ዴ ጋስፔሪ ኮሙኒስቶችንና ሶሻሊስቶችን ከካቢኔው አስወጡ። የቀዝቃዛው ጦርነት ጥላ በከበደበት በዚያ ወቅት ሁሉ ነገር ይፈርሳል ተብሎ ቢጠበቅ አያስደንቅም ነበር።

የሆነው ግን ሌላ ነው። ከካቢኔው የተባረሩት ፓርቲዎች በሕገ መንግሥቱ ጉባኤ መቀመጫቸውን እንደያዙ ቀጠሉ። የጉባኤው ፕሬዚዳንት ኮሙኒስቱ ኡምቤርቶ ቴራቺኒም ከወንበራቸው አልተነሡም። ታኅሣሥ 22 ቀን 1947 ሕገ መንግሥቱ በ453 ድጋፍና በ62 ተቃውሞ ጸደቀ። በሰነዱ ላይ የዴ ጋስፔሪና የቴራቺኒ ፊርማ በአንድነት ይገኛል፤ አንዱ አስወጪ፣ ሌላው የተወጋጀው ፓርቲ ሰው ነበሩ።

ሦስተኛው ምሳሌ ደቡብ አፍሪካ ናት። ለምንገኝበት አካባቢ ይህች አገር ሩቅ አይደለችም፤ ኔልሰን ማንዴላ በ1962 ወታደራዊ ሥልጠና የወሰዱት እዚሁ ኮልፌ ነበር። በ1994 በማንዴላ የተመራው የብሔራዊ አንድነት መንግሥት፣ በጊዜያዊው ሕገ መንግሥት መሠረት፣ የቀድሞውን ገዢ ብሔራዊ ፓርቲ በካቢኔው አካትቶ ነበር። ፓርላማው የሕገ መንግሥት ጉባኤም ሆኖ ይሠራ ነበር። ግንቦት 8 ቀን 1996 አዲሱ ሕገ መንግሥት ሲጸድቅ ብሔራዊ ፓርቲ የድጋፍ ድምፅ ሰጠ። በማግሥቱ ከመንግሥት እንደሚወጣ አስታወቀ፤ በሰኔ መጨረሻም ወጣ። ካቢኔውን ተወ፣ በፓርላማው ግን ተቃዋሚ ሆኖ ቆየ።

እንግዲህ ሦስቱንም ጥምረቶች ጎን ለጎን ብናስቀምጣቸው የዕድሜያቸው ማጠር አይለያቸውም። የሚለያቸው ከመንግሥት የወጣው ወገን የሚሄድበት ቦታ ነው። በጣሊያንና በደቡብ አፍሪካ ሥልጣን የሚጋሩበት ወንበርና የአገሪቱን መሠረታዊ ሕግ የሚጽፉበት ወንበር የተለያዩ ነበሩ። የመጀመሪያውን ያጣ ሁለተኛውን አያጣም። በኢትዮጵያ ግን ሁለቱ በአንድ ምክር ቤት ተጠቃለሉ። በቻርተሩ መሠረት የሕገ መንግሥት አርቃቂ ኮሚሽኑን የሚያቋቁመው፣ ረቂቁንም ተቀብሎ ለሕዝብ ውይይት የሚያቀርበው ይኸው የተወካዮች ምክር ቤት ነበር። ስለዚህ ከምክር ቤቱ መውጣት ወይም መባረር ማለት ሕገ መንግሥቱ ከሚረቀቅበት ሂደት መውጣትም ማለት ሆነ።

የተገለሉት ወገኖች ሌላ መድረክ ለመፍጠር ሞክረዋል። ታኅሣሥ 1986 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ጊዮን ሆቴል የሰላምና የዕርቅ ጉባኤ አካሄዱ፤ ነገር ግን ጉባኤያቸው ከሕገ መንግሥቱ ሂደት ጋር የሚያገናኘው ድልድይ አልነበረውም። ግንቦት 28 ቀን 1986 ዓ.ም. የሕገ መንግሥት ጉባኤ ምርጫ ሲካሄድ ዋና ዋናዎቹ ተቃዋሚዎች አልተሳተፉም፤ ከ547 መቀመጫዎች ኢሕአዴግ 484 አገኘ። ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በዚህ ጉባኤ ውስጥ ያለፈ ነው። ዛሬም ድረስ በአንቀጾቹ ይዘት ላይ ከሚነሣው ክርክር ባልተናነሰ «ማን ተስማማበት?» የሚለው ጥያቄ የሚያነጋግረን ለዚህ ይመስለኛል።

አንድ ብርቱ መቃወሚያ ሊቀርብብኝ ይችላል። ኦነግ በፈቃዱ ወጣ፣ ተቃዋሚዎቹም ምርጫውን ራሳቸው ተዉት፤ በሩ ተዘጋ ማለት እንዴት ይቻላል? ይህ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። የወጣ ሁሉ ተገፍቶ ወጣ ብዬም አልከራከርም። ሆኖም የተቋም ጥራት የሚለካው የተሳታፊዎቹን መልካም ፈቃድ ባለመጠበቁ ነው። በጣሊያን የተቃውሞ ተዋጊዎቹ ጦርነቱ ሲያበቃ በአጋር ኃይሎች ቁጥጥር ሥር ትጥቅ ፈትተዋል፤ በደቡብ አፍሪካም ቀድሞ ሲዋጉ የነበሩት ኃይሎች በአንድ ብሔራዊ መከላከያ እንዲጠቃለሉ ተደርጓል። ስለዚህ ከካቢኔ የወጣ ፓርቲ የሚሄደው ወደ ተቃዋሚ ወንበር እንጂ ወደ ጫካ አልነበረም። በእኛ ዘንድ በካቢኔውና በጫካው መካከል የሚቆሙበት ሥፍራ አልተበጀም።

ይህ ክርክር የታሪክ ብቻ አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 1265/2014 የአገራዊ ምክክር ኮሚሽን ሲቋቋም የቆየው ጥያቄ እንደገና ተነሥቷል። ስለ ምክክሩ ስንወያይ ብዙ ጊዜ የምንጠይቀው ማን ገባ ማን ቀረ የሚለውን ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ነገር ግን ከ1983ቱ ልምድ የሚወጣው ተጨማሪ ጥያቄ ይህ ነው፦ ዛሬ አኩርፎ የወጣ ወገን ነገ የሚመለስበት በር አለ ወይ? በሩንስ የሚከፍተውና የሚዘጋው ማን ነው? በሩ በገዢው ወገን እጅ ብቻ ከሆነ፣ የምክክሩ ዕጣ በመንግሥቱና በተፎካካሪዎቹ የዕለት ጠብ ላይ ይንጠለጠላል።

በመካከላችሁ ነገ ሕግ የምታረቅቁ፣ ተቋም የምትመሩ ትኖራላችሁ። ጥምረት የምትመሠርቱበትን ውል ስትጽፉ ስለ መቀመጫ አከፋፈል የሚወጣውን ድካም ያህል ስለ መለያየትም ድከሙ። ባልና ሚስት በሚጋቡበት ቀን ስለ ፍቺ መነጋገር በባህላችን ነውር ነው፤ በመንግሥት ጉዳይ ግን ይህን ነውር መድፈር ይገባል። ጥምር መንግሥት መፍረሱ አይቀርም። አስቀድሞ መወሰን ያለበት ሲፈርስ የቤቱ ጣሪያ አብሮ እንዳይወርድ ምሰሶው የት እንደሚተከል ነው።