ብርሃኑ ለመንገዱ፥ ሰማዩ ለወፎቹ
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ስለ ወፍ ልንናገር መቆማችንን ስትሰሙ «የሰው ችግር አልቆ ነው ወይ?» የምትሉ አትጠፉም። እኛም ከብቸናና ከሞጣ የመጣን ስለሆንን ይህን ጥያቄ አናቃልለውም። በኩራዝ ያጠና ሰው መብራት ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል፤ በየገጠሩም ዛሬ ድረስ ማታውን በጨለማ የሚያሳልፍ ብዙ ቤተ ሰብ አለ። ስለዚህ የምንለው መብራት ይቅር አይደለም፤ ብርሃን ያለ ቦታው አይፍሰስ ነው።

በዓመት አንድ ጊዜ ብቅ የሚለውን ወዳጅ «የመስቀል ወፍ ሆንህ» እንለዋለን። የመስቀል ወፍ ግን ላባውን ለውጦ የሚደምቅ ያገር ልጅ ነው እንጂ መንገደኛ አይደለም። እውነተኞቹ መንገደኞች በዚያው ወራት ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡት ናቸው። በከብቶች እግር ሥር ጭራዋን የምታወዛውዘው ቢጫ ወፍ፥ በእርሻው ላይ ስትበር ወገቧ ነጭ ሆኖ የሚታየው ትንሽ ወፍ፥ በጣና ዳር በብዙ ሺህ የሚሰፍሩት ባለረጅም እግሮችም በጋውን ከእኛ ጋራ አሳልፈው ወደ መጋቢትና ሚያዝያ ይመለሳሉ።

ከትንንሾቹ ወፎች አብዛኞቹ የሚጓዙት ሌሊት ነው፤ ይኸውም አየሩ ስለሚቀዘቅዝና ጭልፊት ስለማያገኛቸው ነው። መንገዳቸውን በከዋክብትና በምድር መግነጢስ ይለያሉ። በደመናና በጉም ሌሊት ግን የከተማ ብርሃን ያደናግራቸዋል፤ በዙሪያው ሲሽከረከሩ ጕልበታቸው ያልቃል፥ ወይም ከመስተዋት ጋራ ተጋጭተው ይሞታሉ።

ይህ ግምት አይደለም። በኒው ዮርክ ከተማ፥ እኛ ዕንቍጣጣሽን በምናከብርበት ቀን ገደማ፥ በ2001 እ.ኤ.አ. በአደጋ ለሞቱት ሰዎች መታሰቢያ ወደ ሰማይ የሚወጣ ታላቅ ብርሃን በየዓመቱ ይበራል። በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት እንዳስረዳው፥ ይህ ብርሃን በተለያዩ ዓመታት በ7 ሌሊቶች ብቻ 1.1 ሚሊዮን ያህል ወፎችን ስቧል። ሲጠፋ ግን ወፎቹ ወዲያው ተበትነው ጕዟቸውን ቀጠሉ። ስለዚህ በጨረሩ ውስጥ ከ1,000 በላይ ወፎች ሲታዩ መብራቱ ለ20 ደቂቃ ይጠፋል። ሐዘንተኛ ከተማ ለወፍ ብሎ የሐዘኑን መብራት ካጠፋ፥ እኛ ማንም የማይሠራበትን መብራት ማጥፋት እንዴት ይከብደናል?

«ብቸናና ሞጣ ኒው ዮርክ አይደሉም» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ ተስፋችንም ያለው እዚያው ላይ ነው። ከደጀን በብቸናና በሞጣ አድርጎ ባሕር ዳር በሚደርሰው መንገድ፥ በጮቄ ተራራና በዐባይ በረሃ መካከል ያሉት ከተሞቻችን ገና በማደግ ላይ ናቸው። መብራት ሲተከል ክዳን አድርጎ ወደ ታች ማዞር ቀላል ነው፤ ከተተከለ በኋላ ማስተካከል ግን ድርብ ወጪ ነው። ወደ ሰማይ የሚባክነው ብርሃን ገንዘብ ነው፤ ወደ ታች ሲመለስ ማታ ከትምህርት ቤት ለምትመለሰው እኅታችን መንገዷን ያሳያታል።

እንግዲህ ለዕረፍት ወደየአገራችን ስንሄድ ለማዘጋጃ ቤቱና ለሕንፃ ባለቤቶች ሦስት ነገር እንንገር፤ መብራቱ ክዳን ይኑረው፤ ወደ ታች ይብራ፤ በመስከረምና በጥቅምት፥ በመጋቢትና በሚያዝያ ደግሞ ባዶ ፎቅ ሌሊቱን ሙሉ አይብራ። ይህንንም ከመናገራችን በፊት ዛሬ ማታ ከየክፍላችን ስንወጣ የራሳችንን መብራት እናጥፋ።