የክረምት ከተማና ልጆቹ፤ በጣና ዙሪያ



«ከተማ» ቀድሞ የንጉሥ ድንኳን የሚተከልበት ሰፈር ማለት ነበር። ንጉሡ በበጋ ይዘምታል፤ ወንዝ ሲሞላና መንገድ ሲጨቀይ አንድ ስፍራ ከትሞ ይከርማል። እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በአገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ የዐፄ ልብነ ድንግልን ሰፈር አሰላለፍ በዝርዝር ጽፏል። ኋላ የክረምቱ ሰፈር ወደ ጣና ዙሪያ ተሳበ፤ ዐፄ ሠርፀ ድንግል በእንፍራንዝ አቅራቢያ ጉዛራን አሠሩ፤ ዐፄ ሱስንዮስም በጎርጎራ፣ ቀጥሎም በደንቀዝ ከተሙ።

ዜና መዋዕሎቻችን ንጉሡ የት እንደ ከረመ ተጠንቅቀው ይመዘግባሉ። አብሮት የከረመውን ቤተሰብ ግን በጨረፍታ ያልፉታል። ወታደሩ የሚጓዘው ሚስቱንና ልጆቹን አስከትሎ ነበር፤ እህል የሚፈጩትና እንጀራ የሚጋግሩት ሴቶች ባይኖሩ ያ ሠራዊት ሳምንት አይቆምም። እርጥብ እንጨት በሚጨስበት ድንኳን ጡት የሚጠባ ሕፃን እንዴት ከረመ? ክረምቱ ሲወጣ የሚነሣውን የጣና ዳር ወባ የምታውቁ ሁሉ ጥያቄው ቀላል እንዳልሆነ ትረዳላችሁ። ሱስንዮስ ወደ ደጋው ደንቀዝ መውጣታቸው ለጤናም ጭምር ይመስለኛል፤ ይህ ግን የእኔ ግምት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1636 ዐፄ ፋሲለደስ ጎንደርን ሲቆረቁሩ ተንቀሳቃሹ ሰፈር ቋሚ መናገሻ አገኘ፤ የሕፃናቱ ታሪክ ግን ሳይጻፍ ቀረ።

ዛሬም በክልላችን በመጠለያ ጣቢያ፣ በሸራ ሥር ከነልጆቻቸው የሚከርሙ አሉ። እናቶቹ በሕይወት አሉ፤ ይናገራሉ። የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ገና ያልመረጣችሁ ካላችሁ፣ ክረምቱ ሳይገባ ቢሮዬ ኑ፤ መቅረጸ ድምፅ አውሳችኋለሁ።