ከጀርባ የተተኮሰው ጥይት

የዛሬው ወጋችን በሦስት ጥያቄዎች ይጀምራል። ዱድሊ ስሚዝ የተባለ አንጋፋ የሎስ አንጀለስ ፖሊስ አለቃ፣ መርማሪ ለመሆን የሚጓጓውን ወጣት መኮንን ኤድ ኤክስሊን ያፋጥጠዋል። ጥፋቱን በርግጥ በምታውቀው ሰው ላይ የሐሰት ማስረጃ ታኖርበታለህ? እስኪያምን ድረስ ትደበድበዋለህ? ጠበቃ ገዝቶ እንዳያመልጥ ከጀርባው ትተኩስበታለህ? መነጽራሙ ወጣት ሦስቱንም አላደርግም ይላል። እንግዲያው መርማሪነቱ ይቅርብህ ይለዋል ስሚዝ።

«ኤል ኤ ኮንፊደንሻል» የተሰኘው ፊልም ከሁለት ሰዓት በላይ ተጉዞ ወደነዚሁ ጥያቄዎች ይመለሳል። ፊልሙን ላላያችሁ አድማጮች አንድ ነገር እናስቀድም፤ ስለ ድክመቱ ለማውራት መጨረሻውን መንካት ግድ ይላል።

ፊልሙ ለተመልካች የቀረበው በፈረንጆቹ 1997 ሲሆን፣ ታሪኩ ግን በ1950ዎቹ መጀመሪያ የሚካሄድ ነው። መነሻው ጄምስ ኤልሮይ በ1990 ያሳተመው፣ ዓመታትን የሚሻገርና በሰው የታጨቀ ወፍራም ልብ ወለድ ነው። ዳይሬክተሩ ከርቲስ ሃንሰንና አብሮት የጻፈው ብራያን ሄልገላንድ ይህን ሁሉ ወደ አንድ ፊልም ለመጨመቅ የያዙት መንገድ ደፋር ነበር። የታሪኩን ሦስት ዋና ፖሊሶች የማይነካውን ሁሉ ቆርጠው ጣሉት።

ራሰል ክሮው የሚጫወተው ባድ ዋይት፣ እናቱ በአባቱ ዱላ ስትሞት ያየ ልጅ አድጎ ፖሊስ የሆነ ነው። ሴት የሚመታ ወንድ ካየ ክንዱ ከሐሳቡ ይቀድማል። የጋይ ፒርሱ ኤክስሊ ሕግ አክባሪ ነው፤ ይሁንና ባልደረቦቹ ላይ ሲመሰክር እንኳ የማዕረግ ዕድገት ተደራድሮ ነው። ኬቨን ስፔሲ የሚጫወተው ጃክ ቪንሰንስ ደግሞ ታዋቂ ሰዎችን ካሜራ ፊት እያሰረ ከሐሜት መጽሔት ገንዘብ ይቀበላል፤ በትርፍ ሰዓቱም የአንድ የፖሊስ ቴሌቪዥን ድራማ አማካሪ ነው። የዚህ ድራማ አምሳያ «ድራግኔት» ነው። እሱ ደግሞ የሬዲዮ ልጅ ነው፤ በ1949 በሬዲዮ ጀምሮ ነው ከሎስ አንጀለስ ፖሊስ መዝገብ የወሰዳቸውን ታሪኮች ይዞ ወደ ቴሌቪዥን የተሻገረው።

ብዙ ዋና ተዋናዮች ያሉት የፖሊስ ፊልም አብዛኛውን ጊዜ የሚንገዳገደው፣ ሁሉንም አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሰብስቦ ተራ በተራ ሲያናግራቸው ነው። ሃንሰን ለያያቸው። ኤክስሊ በናይት አውል ቡና ቤት የተፈጸመውን የጅምላ ግድያ ይመረምራል። ዋይት ከሟቾቹ አንዱ የቀድሞ የሥራ ጓዱ ስለሆነ በሌላ በር ይገባል። ቪንሰንስን የሚያብሰለስለው ደግሞ በእሱ ጦስ ሞቴል ውስጥ ታርዶ የተገኘ አንድ ወጣት ተዋናይ ነው። እርስ በርስ የማይዋደዱት ሦስት ሰዎች እያንዳንዳቸው የእውነቱን ሲሶ ይዘው ይዞራሉ። ተመልካቹ ሦስቱንም ሲሶ ያያልና፣ ምናለ አንዴ ቁጭ ብለው ቢነጋገሩ እያለ ይቁነጠነጣል።

ከዚያ የወጥ ቤቱ ትዕይንት ይመጣል። ቪንሰንስ የደረሰበትን ይዞ በሌሊት ወደ አለቃው ወደ ስሚዝ ቤት ይሄዳል። ስሚዝ ይህን ለሌላ ሰው መንገር አለመንገሩን ይጠይቀውና በተቀመጠበት ይተኩስበታል። ቪንሰንስ ነፍሱ ስትወጣ አንድ ስም ብቻ ይናገራል፤ ሮሎ ቶማሲ። ይህ ስም ኤክስሊ የአባቱን ያልታወቀ ገዳይ ለመጥራት የፈጠረው፣ ለቪንሰንስ ብቻ በምስጢር የነገረው ነው። በኋላ ስሚዝ ሮሎ ቶማሲ ማን ነው ብሎ ኤክስሊን ሲጠይቅ፣ የገዛ አፉ ያጋልጠዋል። ስሙ በልብ ወለዱ ውስጥ የለም፤ የፊልሙ ጸሐፊዎች ፈጠራ ነው። የዚያ ዓመት የኦስካር ሽልማት ለተውሶ የፊልም ጽሑፍ የተሰጠው ለእነሱ ነው፤ ይህች አንዲት ብልሃት ብቻ ለሽልማቱ ትበቃ ነበር።

የተዋናይ ምርጫውም ከቪንሰንስ ድንገተኛ ሞት ጋር የተያያዘ ነው። ክሮውና ፒርስ ከአውስትራሊያ ሲመጡ አሜሪካዊ ተመልካች እምብዛም አያውቃቸውም ነበር። ከሦስቱ ኦስካር የነበረው፣ ስሙም ቀድሞ የተጻፈው ስፔሲ ነው። ፊልሙ ሳያልቅ እሱ ሲወድቅ፣ የቀሩት ሁለቱ ዋስትና እንደሌላቸው ሰው ሁሉ ይገባዋል።

ድክመቱስ? ኪም ቤሲንገር በሊን ብራከንነቷ በምርጥ ረዳት ተዋናይት ዘርፍ ኦስካር ወስዳለች፤ የተሰጣት ሚና ግን ከችሎታዋ ያንሳል። ቬሮኒካ ሌክ የተባለችውን የፊልም ኮከብ መስላ ገላዋን የምትሸጥ ሴት ናት፤ የራሷ መንገድ ሳይኖራት ከዋይት ወደ ኤክስሊ፣ ከኤክስሊ ወደ ዋይት ትመላለሳለች።

ከዚህ የሚከፋው ሌላ ነው። ለናይት አውል ግድያ ሦስት ጥቁር ወጣቶች ይወነጀላሉ። ያንን ግድያ አልፈጸሙም፤ ፊልሙ ግን አንዲት ሜክሲኳዊት ልጅ ጠልፈው እንደደፈሩ ያሳየናል፤ ከዚያም ኤክስሊ ይገድላቸዋል። ስለ ዘረኛ የፖሊስ ተቋም የሚናገር ፊልም፣ ጥቁሮቹን ለማዘን እንኳ የማይመቹ አድርጎ ካቀረበ በኋላ ይረሳቸዋል። ልጅቷም ጥቂት ቃላት ተናግራ ትሰወራለች። ሦስቱን ፖሊሶች ያደመቀው መቀስ እነዚህን ሰዎች ቆርጦ ጥሏቸዋል።

መጨረሻውም ያወዛግባል። ኤክስሊ አላደርገውም ያለውን አድርጎ ስሚዝን ከጀርባው ተኩሶ ይገድለዋል። ፊልሙ እዚያ ቢያበቃ ኖሮ ወደር ባልተገኘለት። ነገር ግን ሜዳሊያ፣ ፀሐይ፣ ተርፎ መኪና ውስጥ የተቀመጠ ዋይት ይከተላሉ። በኤልሮይ መጽሐፍ ስሚዝ አይሞትም፤ ሳይነካ ይቀራል። የመጽሐፉ መጨረሻ ይመራል፤ ከታሪኩ ጋር የሚስማማው ግን እሱ ነው።

ፊልሙ ዘጠኝ ጊዜ ለኦስካር ታጭቶ ሁለቱን ሲወስድ፣ በዚያው ምሽት «ታይታኒክ» አሥራ አንድ ሽልማት ጠራርጓል። ሆኖም ከሽልማቱ ባሻገር አንድ ነገር ማስታወስ ይገባል። በፊልሙ መጀመሪያ ላይ ፖሊሶች በገና ሌሊት እስረኞችን የሚደበድቡበት ትዕይንት እውነተኛ መነሻ አለው። በ1951 የገና ዕለት በሎስ አንጀለስ ሰባት ወጣቶች በፖሊስ እጅ ተደብድበዋል፤ አምስቱ ሜክሲኮ አሜሪካውያን፣ ሁለቱ ነጮች ነበሩ። በፊልሙ ድብደባው የኤክስሊ ማዕረግ መነሻ ይሆናል፤ የተደበደቡት ግን ተመልሰው አይታዩም። በእውነተኛው ታሪክ ስምንት ፖሊሶች ተከሰው፣ አምስቱ ተፈርዶባቸዋል።