ቪዲዮው ሲቆራረጥ ጥፋቱን የት እንፈልግ?

(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቪዲዮ ቡድኑ ያቀረበው ንግግር)



ይህን ንግግር እንድናዘጋጅ ያደረገን የእናንተ የወላጆች ጥያቄ ነው። «ሽማግሌዎቹን በሐኑካ ሰሞን ቀረጻችሁ፣ ፋሲካ አለፈ፣ ፊልሙ የታል?» ብላችሁን ነበር። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ስለዚህ ምን እንደገጠመን ሳንደብቅ እንነግራችኋለን። ለወጣቶቹ ደግሞ እኛ የለፋነውን ልፋት እንዳይደግሙ መንገዱን እናሳያለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሱዳን በኩል ሲመጡ በመንገድና በመጠለያ ካምፖች ያለቁት ወገኖቻችን በሚታሰቡበት ዕለት፣ ማለትም በኢየር 28፣ በማትናሱ የሚታይ ፊልም ለመሥራት አሰብን። የስድስት አረጋውያንን ቃል በሁለት ስልክና በአንድ ካሜራ ቀረጽን። ከእነርሱ አንዷ እናታችን ከጎንደር ገጠር ተነስተው በእግራቸው ሱዳን የገቡ፣ በኡም ራኩባ ካምፕ ልጃቸውን የቀበሩ ናቸው። ይህን ታሪክ ለልጆቻቸው እንኳ አውርተውት አያውቁም ነበር። ለእኛ ግን ነገሩን።

እቤት ገብተን ፋይሉን ወደ ኤዲቲንግ ፕሮግራሙ ስናስገባው ጉድ ፈላ። ምስሉ ሁለት ሰከንድ ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ከዚያ ይዘላል። ድምፁ ቀድሞ ይሄዳል፣ ከንፈራቸው ወደኋላ ይቀራል። እኛም ሳንመረምር «ቀረጻው ተበላሽቷል» ብለን ፈረድን። ለእናታችንም ደውለን እንደገና እንዲነግሩን ለመንናቸው። እሳቸውም ትንሽ ዝም ብለው «ልጆቼ፣ ያን ቀን ከተናገርኩ በኋላ ሦስት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ግን ለትውልድ ይጠቅማል ካላችሁ ኑ» አሉን።

ለመሄድ ሁለት ቀን ሲቀረን ከመካከላችን አንዱ ያንኑ ፋይል ቪኤልሲ በሚባለው ነፃ የቪዲዮ ማጫወቻ ከፈተው። አንዲት ቦታ እንኳ ሳይቆራረጥ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሄደ። ቀረጻው ምንም አልሆነም ነበር። አፈርን።

እንግዲህ የመጀመሪያው ትምህርት ይህ ነው፦ በኤዲቲንግ ፕሮግራም ውስጥ ቪዲዮ ስለተቆራረጠ ፋይሉ ተበላሽቷል ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ የተቸገረው የሚያሳየው ኮምፒውተር ነው። ስለዚህ አስቀድማችሁ ሁለት ነገር አድርጉ። አንደኛ፣ ፋይሉን በሌላ ማጫወቻ ክፈቱት፤ እዚያም ከተቆራረጠ በሌላ ኮምፒውተር ሞክሩት። ሁለተኛ፣ ከታይምላይኑ ላይ አሥር ሰከንድ ብቻ ኤክስፖርት አድርጋችሁ እዩት። የወጣው ቪዲዮ ደህና ከሆነ ችግሩ በማየቱ ላይ እንጂ በሥራው ላይ አይደለም።

ለመሆኑ አንዱ ፕሮግራም የሚያጫውተውን ሌላው ለምን ያቅተዋል? ቪዲዮ ማለት በሰከንድ 25 ወይም 30 ፎቶግራፍ ነው። ስልክ ግን ቦታ ለመቆጠብ ሁሉንም ሙሉ አድርጎ አያስቀምጥም። አንዱን ሙሉ ያስቀምጥና ለሚከተሉት «እንደ ቀድሞው ነው፣ እጁ ብቻ ተንቀሳቅሷል» እያለ ለውጡን ብቻ ይመዘግባል። ኤች 264 እና ኤች 265 የሚባሉት የአጨማመቅ ዘዴዎች በዚህ መንገድ ይሠራሉ፤ ኤች 265 የበለጠ ስለሚጨምቅ ለመፍታትም የበለጠ ይከብዳል። ማጫወቻ ከፊት ወደኋላ በተራ ስለሚያነብ ይቀለዋል። እኛ ኤዲት ስናደርግ ግን ወደኋላ እንመለሳለን፣ መሃል ላይ እንቆርጣለን፣ ሁለት ሦስት ቪዲዮ እንደራርባለን። በእያንዳንዱ ዝላይ ኮምፒውተሩ ወደ ቅርቡ ሙሉ ፎቶ ተመልሶ ከዚያ ጀምሮ እንደገና ይቆጥራል። የሚደክመው ለዚህ ነው።

አሁን መፍትሔውን ገንዘብ ከማያስወጣው ጀምረን በተራ እንናገር።

መጀመሪያ የሚታየውን ምስል ጥራት ቀንሱ። በፕሪሚየር ፕሮ ከምስሉ መስኮት ሥር ግማሽ ወይም ሩብ የሚል ምርጫ አለ፤ በዳቪንቺ ሪዞልቭም በፕሌይባክ ዝርዝር ውስጥ ተመሳሳይ ምርጫ ታገኛላችሁ። ይህ በሥራ ጊዜ የምታዩትን ብቻ እንጂ የመጨረሻውን ፊልም ጥራት አይነካም።

ቀጥሎ ፋይሉ የተቀመጠበትን ቦታ እዩ። እኛ በቀጥታ ከአሮጌ ፍላሽ ላይ ነበር የምንሠራው። የዩኤስቢ 2 ጣሪያው በሰከንድ 480 ሜጋቢት ነው፤ በተግባር ደግሞ ከዚያ ያንሳል። ፋይሉን በኮምፒውተሩ ውስጥ ወዳለው ኤስኤስዲ ስንገለብጠው አንዱ ችግር በአንድ ሰዓት ተቃለለ።

ከዚያ ኮምፒውተሩ በምን እንደተጨናነቀ እዩ። በዊንዶውስ ታስክ ማኔጀርን ክፈቱና ቪዲዮውን እያጫወታችሁ ተመልከቱ። ሙሉ በሙሉ የተያዘው ፕሮሰሰሩ ነው? ሜሞሪው ነው? ወይስ ዲስኩ? የተከፈቱትን የኢንተርኔት ገጾች ዝጉ። ላፕቶፑን ቻርጀር ላይ ሰኩት፤ በባትሪ ሲሆን ብዙው ላፕቶፕ ኃይሉን ይቀንሳል። ድምፅ ማጥሪያና ምስል ማጥሪያ የመሳሰሉትን ከባድ ነገሮች ደግሞ እስከ መጨረሻው አጥፏቸው።

ይህም ካልበቃ ፕሮክሲ ሥሩ። ፕሮክሲ ማለት የዋናው ቪዲዮ ቀላል ቅጂ ነው። የ4ኬ ቪዲዮ አንድ ፎቶ 3840 በ2160 ነው፤ ከ8 ሚሊዮን በላይ ነጥብ አለው። የፕሮክሲው 960 በ540 ከሆነ ከዋናው አንድ አሥራ ስድስተኛ ብቻ ነው። ፕሮግራሙ ቅጂውን ራሱ ያዘጋጃል። እኛ ማታ አስጀምረነው ተኛን፣ ጠዋት ተዘጋጅቶ ጠበቀን። በቅጂው ትቆርጣላችሁ፣ ትቀጥላላችሁ፤ በመጨረሻ ኤክስፖርት ስታደርጉ ፕሮግራሙ ዋናውን ይጠቀማል። ብቻ ኤክስፖርት መስኮቱ ላይ «ፕሮክሲ ተጠቀም» የሚለው ምልክት እንዳልተደረገበት አረጋግጡ፤ አለዚያ የደበዘዘ ፊልም ይወጣላችኋል።

የድምፁና የከንፈሩ አለመገናኘት ግን ሌላ ምክንያት ነበረው። ብዙ ስልኮች የፎቶውን ብዛት በሰከንድ እኩል አድርገው አይቀርጹም፤ አንዴ 30፣ አንዴ 28 ይሆናል። ቃለ መጠይቁ ሲጀምር ድምፁ ይገጥማል፣ እየረዘመ ሲሄድ ይራራቃል። ለዚህ ሃንድብሬክ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ የፎቶው ብዛት የማይለዋወጥ እንዲሆን መርጣችሁ ቀይሩት። ይህን ኤዲት ከመጀመራችሁ በፊት አድርጉት፣ ዋናውን ፋይል ግን አታጥፉ። አንዱ በ25 ሌላው በ30 ከቀረጸ ደግሞ ፕሮክሲ አያድነውም፤ ዝላዩ በመጨረሻው ፊልም ላይም ይታያል። ስለዚህ ከቀረጻ በፊት ሁላችሁም አንድ ቁጥር ላይ ተስማሙ።

እዚህ ላይ አንድ ምክር እንጨምር። አንድ ነገር ለውጡ፣ እዩ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው እለፉ። እኛ በአንድ ቀን አምስት ነገር ነካክተን የቱ እንደረዳን የቱም እንዳባሰው ሳናውቅ ቀረን። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርን። «አዲስ ኮምፒውተር ይገዛ» ያልንም ነበርን። ያ ገንዘብ እናንተ ወላጆች ያዋጣችሁት ነው፤ አለመግዛታችን ዛሬ ደስ ይለናል።

አሁን ደግሞ ለመናገር የሚከብደንን እንናገር። ቪዲዮው በሚቆራረጥበት ሰሞን እናታችን ስለ ልጃቸው ሲናገሩ አንድ ቦታ ላይ ምስሉ ይቆማል፣ ድምፅም አይሰማም ነበር። እኛም «ማሽኑ ነው» ብለን ያንን ቦታ ቆርጠን ጣልነው። ፕሮክሲው ተሠርቶ ሁሉ ነገር ሲስተካከል ያንን ቦታ መልሰን አየነው። ማሽኑ አልነበረም። እሳቸው ናቸው ዝም ያሉት። አሥራ አንድ ሰከንድ ሙሉ። የነጠላቸውን ጫፍ ይይዛሉ፣ ይለቃሉ፣ መሬት መሬት ያያሉ። ከዚያ «ትንሽ ጨርቅ ነበረችኝ፣ በእሷ ጠቀለልኩት» ይላሉ። እኛ ያንን ዝምታ የፕሮግራም ብልሽት መስሎን አውጥተነው ነበር።

ደግነቱ በኤዲቲንግ ፕሮግራም መቁረጥ ዋናውን ፋይል አይነካም፤ ቦታውን መልሰን አስገባነው። ፋይሉን «ተበላሽቷል» ብለን አጥፍተነው ቢሆን ኖሮ ግን ከየት እናመጣው ነበር? ስለዚህ አሁን ሦስት ቅጂ እናስቀምጣለን፦ አንዱን በኮምፒውተር፣ አንዱን በውጭ ሃርድ ዲስክ፣ አንዱን ደግሞ በሌላ ቤት።

ወደ እናታችን ቤት በቀጠሮው ቀን ሄድን፤ ለቀረጻ ሳይሆን ይቅርታ ለመጠየቅ። «እማማ፣ ጥፋቱ የእኛ ነው፣ ቃልዎ አልጠፋም፣ እንደገና መናገር የለብዎትም» አልናቸው። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «ተመስገን» አሉ። ቀጥለውም «ታዲያ ምን ቆማችሁ? ቡናው ተቆልቷል፣ ተቀመጡ» አሉን።

ወንድሞችና እህቶች፣ አያት ያላችሁ ሁሉ ስልካችሁን ይዛችሁ ቅረጹ። ፕሮግራሙ አስቸገረን ብላችሁ እንዳትተዉት፤ ለዚያ እኛ አለን፣ ማክሰኞ ማታ በማትናሱ እንገኛለን። ወላጆቻችን ሆይ፣ እናንተም በቤታችሁ ያለውን ታሪክ አትሰስቱብን።